ቀንና ሌሊት የጠፋበት ሕመምተኛ፦ የሰውነት ሰዓት መዛባት በጽኑ ሕሙማን ክፍልና የቤተሰብ ድርሻ

መግቢያ

አንድ አባት በኮቪድ-19 ታመው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁለት ሳምንት ከታከሙ በኋላ ትንፋሻቸው ተመልሶ ወደ ቤታቸው ገቡ እንበል። ቤተሰቡ በምስጋና ተቀበላቸው። ነገር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሥተው ልብሳቸውን እየለበሱ «ለምን ሳትቀሰቅሱኝ ቀራችሁ? ሥራ ረፈደብኝ» ይላሉ። በማግሥቱ ደግሞ ምሳ ቀርቦ ሳለ ከማዕድ ላይ ያንቀላፋሉ። ሆስፒታል ሳሉም በኮርኒሱ ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ እንዳዩ፣ ነርሶቹም ሊጎዷቸው እንደሚያሴሩ ይናገሩ እንደነበር ይሰማል። ልጆቻቸው ጓዳ ገብተው በሹክሹክታ ይጠያየቃሉ፦ «አባባ ምን ነካቸው? አእምሯቸውን ሳቱ ይሆን?»

እንዲህ ያለው ሁኔታ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በታከሙ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው። ከሁኔታው ጋር ተያይዘው ከሚመጡት ችግሮች መካከል ብዙም የማይነገርለት የሰውነት ሰዓት መዛባት ነው። ሕመምተኛው ከቫይረሱ ጋር ሲታገል በቆየባቸው ቀናት ቀንና ሌሊቱ ተደበላልቆበታል፤ አካሉም መቼ እንደሚነቃ፣ መቼ እንደሚያርፍ መለየት ተስኖታል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ የሰውነት ሰዓት ምን እንደሆነ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምን እንደሚዛባ፣ መዛባቱም ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ቤተሰብ ይህን ሰዓት ወደ ቦታው ለመመለስ ከፍ ያለ ድርሻ እንዳለው ለማሳየት ተዘጋጅቷል። የሚያስፈልገው ነገር ውድ መድኃኒት አይደለም። የጠዋት ብርሃን፣ የሌሊት ጸጥታ፣ ሥርዓት ያለው የምግብ ሰዓት እና የሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው።

1. የሰውነት ሰዓት ምንድን ነው?

የሰው አካል ሥራውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያከናውንም። ለእያንዳንዱ ተግባር ጊዜ አለው። ምሽት ሲገባ፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ አንጎል ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም መልቀቅ ይጀምራል። ይህ ሆርሞን ለመላው አካል «ሌሊት ሆኗል» የሚል መልእክት ያደርሳል። የሰውነት ሙቀት ቀስ በቀስ ይቀንስና ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ኮርቲሶል የተባለው ሌላ ሆርሞን እየጨመረ ይሄድና አካልን ለሥራ ያነቃቃል። የደም ግፊት፣ የስኳር መጠን፣ የሆድ ዕቃ እንቅስቃሴ፣ በሽታን የሚከላከሉት ሕዋሳት ሥራ ሳይቀር ይህን የቀንና የሌሊት ሥርዓት ይከተላል።

ይህ ሥርዓት ከውጭ ከሚታየው ብርሃን ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። በ1729 እ.ኤ.አ. ዣን ዣክ ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ቀን ቅጠሉን የሚዘረጋ፣ ሌሊት የሚያጥፍ ተክል ጨለማ ቦታ አስቀምጦ ተመለከተ። ተክሉ ፀሐይን ሳያይ ቅጠሉን በሰዓቱ መዘርጋቱንና ማጠፉን ቀጠለ። ሰዓቱ በውስጡ ነበር ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽ እና ማይክል ያንግ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህ ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ባደረጉት ምርምር አሳዩ። ለዚህም ሥራቸው በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በሰው አካል ውስጥ ዋናው ሰዓት የሚገኘው በአንጎል ሥር፣ ከዓይን የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ከፍ ብሎ ነው። 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት ያሉት ትንሽ ክፍል ነው። ጉበት፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ጡንቻ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትንንሽ ሰዓት አላቸው። ዋናው ሰዓት እነዚህን ሁሉ ያስተባብራል። በደቦ አጨዳ ላይ ዜማ አውራጁ ሲያወርድ አጫጆቹ ሁሉ በአንድ ምት እንደሚያጭዱ ሁሉ፣ ዋናው ሰዓት ሲመራ የአካል ክፍሎችም ተስማምተው ይሠራሉ። አውራጁ ድምፁ ሲጠፋ ግን አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ሥራውም ይበላሻል።

የዋናው ሰዓት አንድ ጠባይ መታወቅ አለበት። በብዙ ሰዎች ዘንድ የራሱ ዙር ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። ስለዚህ በየዕለቱ መስተካከል ይኖርበታል። ዋናው አስተካካይ በዓይን በኩል የሚገባው የብርሃን ምልክት ነው፤ በተለይም የጠዋት ብርሃን። የምግብ ሰዓት፣ የአካል እንቅስቃሴ እና ከሰዎች ጋር የሚደረግ ግንኙነትም ያግዙታል።

2. ሰዓትን ከፀሐይ የሚቆጥር ሕዝብ

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ከሌላው ይልቅ የቀረበ ልማድ አለን። ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋት ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲያልፍ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» እንላለን። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙ አይለያይም፤ ንጋትና ምሽት ዓመቱን ሙሉ በተቀራረበ ሰዓት ይመጣሉ። የዶሮ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የመስጊድ አዛን፣ የጠዋት ቡና ሽታ፣ የልጆች ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ሁሉም ጊዜን ያሳውቁናል።

ሰላምታችንም ጭምር ሰዓት ነው። «እንደምን አደሩ» ያልነው ሰው ሌሊቱ ማለፉን፣ «እንደምን ዋሉ» ያልነው ቀኑ ማጋደሉን፣ «ደኅና ይደሩ» ያልነው የዕረፍት ጊዜ መድረሱን ይሰማል። ጤነኛ ሰው እነዚህን ምልክቶች በቀን ብዙ ጊዜ ሳያስተውል ይቀበላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣቸዋል።

3. በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰዓቱ ለምን ይዛባል?

ብርሃን። በብዙ የሕክምና ክፍሎች ቀን የሚገባው ብርሃን ደካማ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ሥራ ስለማይቆም መብራቱ አይጠፋም። ደመናማ በሆነ የክረምት ቀን እንኳ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን በክፍል ውስጥ ካለው የመብራት ብርሃን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሕመምተኛው ቀን ከሚያስፈልገው ያነሰ፣ ሌሊት ከሚገባው የበለጠ ብርሃን ስለሚያገኝ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋበታል።

ድምፅ። የዓለም ጤና ድርጅት በሕሙማን ክፍል የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም ከሹክሹክታ የማይበልጥ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተደረጉ ልኬቶች ግን ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዴሲቤል በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የልብ ምት መከታተያው፣ የመተንፈሻ መሣሪያው፣ መድኃኒት የሚያንጠባጥበው መሣሪያ እያንዳንዱ የየራሱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለው።

የማይቋረጥ ክትትል። የደም ግፊት ይለካል፤ ደም ለምርመራ ይወሰዳል፤ አክታ ይጠረጋል፤ የጀርባ ቁስል እንዳይፈጠር ሕመምተኛው በየተወሰነ ሰዓት ይገላበጣል። ይህ ሁሉ ሕይወት አድን ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ እንቅልፍን ይቆራርጣል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያንቀላፋባቸው ደቂቃዎች ቢደመሩ ያን ያህል ያነሱ ላይሆኑ ይችላሉ። ችግሩ እንቅልፉ የተበጣጠሰና ጥልቀት የሌለው መሆኑ፣ ግማሽ ያህሉም በቀን የሚወሰድ መሆኑ ነው።

መድኃኒት። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚታገዝ ሰው እንዳይሠቃይ የማረጋጊያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከውጭ ለሚያየው የተኛ ይመስላል። ነገር ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሚያመጡት መደንዘዝን እንጂ የተፈጥሮ እንቅልፍን አይደለም። አካል የሚታደስበት ጥልቅ እንቅልፍና ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ይቀንሳሉ። ለጽኑ የኮቪድ-19 ሕሙማን የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ሕይወትን እንደሚታደግ የተረጋገጠ መድኃኒት ቢሆንም በአንዳንድ ሰዎች ላይ እንቅልፍ ማጣትን ያስከትላል።

ምግብ። በቱቦ የሚመገብ ሰው ብዙ ጊዜ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ይመገባል። ጉበትና ሆድ ዕቃ ግን ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በአብዛኛው ከምግብ ጊዜ ነው። ቁርስ፣ ምሳና እራት ሲጠፉ ከዋናው ሰዓት ጋር የነበራቸው ስምምነት ይላላል።

በሽታው ራሱ። ከባድ ኢንፌክሽን፣ ትኩሳት እና የኦክስጅን ማነስ የሰውነትን ሰዓት በቀጥታ ያውካሉ። በጽኑ የታመሙ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሜላቶኒን በሌሊት ከፍ፣ በቀን ዝቅ የሚልበት የተለመደ ሥርዓቱ ጠፍቶ ታይቷል።

መገለል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ የተጨመረው ሸክም ይህ ነበር። ቫይረሱ እንዳይዛመት ጥየቃ ተከልክሎ ነበር። ሐኪሙም ነርሷም ከራስ እስከ እግር በመከላከያ አልባሳት ተሸፍነው ነበር፤ ፊታቸው አይታይም ነበር፤ ድምፃቸውም በመሸፈኛው ታፍኖ ይወጣ ነበር። ሕመምተኛው የሚያውቀው ፊት፣ የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ሰዓት ቢኖር እንኳ «6 ሰዓት» የሚለው እኩለ ቀን ይሁን እኩለ ሌሊት፣ መስኮት ለሌለው ሰው ምንም አይነግርም። ከውጭ የመጡት መሣሪያዎች ላይ የሚታየው ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ባለመሆኑ ግራ መጋባቱን ይጨምረዋል።

4. መዛባቱ የሚያስከትለው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት በአእምሮ ላይ ይታያል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ብለው የሚጠሩት ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በተለይም በመተንፈሻ መሣሪያ በሚታገዙ ሰዎች ዘንድ፣ እጅግ የተለመደ ነው። መንስኤው አንድ አይደለም፤ ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ መድኃኒት፣ ዕድሜ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የእንቅልፍና የሰውነት ሰዓት መዛባት ከዴሊሪየም ጋር አብሮ የሚሄድ ሲሆን አንዱ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

ዴሊሪየም በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንዱ የሚታወክ ነው፤ ሕመምተኛው ይጮኻል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የተሰካለትን ቱቦ ለመንቀል ይታገላል። ሌላው ዝምተኛ ነው፤ ሕመምተኛው ፈዝዞ ይተኛል፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ዝምተኛው «ዐርፏል፣ ተረጋግቷል» ተብሎ ስለሚታለፍ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል።

ሁለተኛው ጉዳት በማገገም ላይ ነው። እንቅልፍ ማጣት የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ብርታት እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህም ከመተንፈሻ መሣሪያ ለመላቀቅ ለሚታገል ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በሽታን የመከላከል አቅምም ሆነ የደም ስኳር ቁጥጥር በእንቅልፍ ማጣት ይጎዳል። ሦስተኛው ጉዳት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የሚቆየው ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ የመርሳትና ሐሳብን የመሰብሰብ ችግር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊዘልቅ ይችላል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቆ እንዲይዝ ያስፈልጋል። ዴሊሪየም እብደት አይደለም፤ እርግማንም የክፉ መንፈስ ሥራም አይደለም። አንጎል በከባድ ሕመም ጊዜ የሚያሳየው የመታወክ ምልክት ነው፤ ሕመሙ ሲሻል አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። በዚህ ወቅት ሕመምተኛው የተናገረው ክፉ ቃል ቢኖር ከልቡ እንደወጣ ተቆጥሮ ሊያዝበት አይገባም። ጸሎትና የሃይማኖት አባቶች ምክር ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም መጽናኛ ነው፤ ነገር ግን ሕክምናውን አይተካም፤ መድኃኒት ለማቋረጥም ምክንያት ሊሆን አይገባም።

5. በሕክምና ክፍሉ የሚደረግ ጥንቃቄ

የጤና ባለሙያዎች ሕይወትን ከማዳን ሥራ ጎን ለጎን ቀንን ቀን፣ ሌሊትን ሌሊት ለማድረግ ይጥራሉ። ቀን መጋረጃ ይከፈታል፤ ሌሊት መብራት ይቀነሳል። አስቸኳይ ያልሆኑ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ተሰብስበው እንዲከናወኑ ይደረጋል፤ ለምሳሌ የደም ናሙና መውሰድ፣ ሙቀት መለካትና ማገላበጥ በሦስት የተለያየ ሰዓት ከሚሆኑ በአንድ ሰዓት ቢሆኑ ሕመምተኛው መሐል ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ያገኛል። የማስጠንቀቂያ ድምፆች ለደኅንነት በሚበቃ መጠን ይስተካከላሉ። ፈቃደኛ ለሆነ ሕመምተኛ የጆሮ መድፈኛና የዓይን መሸፈኛ ይሰጣል። አቅሙ ሲፈቅድም አልጋ ላይ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ፣ ቀጥሎም ከአልጋ እንዲወርድ ይረዳል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ማኅበር ያወጣው መመሪያ ድምፅንና ብርሃንን መቀነስን ጨምሮ እንቅልፍን የሚያግዙ እርምጃዎች በአንድነት እንዲወሰዱ ሐሳብ ያቀርባል። ሜላቶኒንን በመድኃኒት መልክ ስለመስጠት ግን መረጃው በቂ ባለመሆኑ ስጡም አትስጡም አላለም። ስለዚህ ቤተሰብ «ሜላቶኒን ከውጭ እናስመጣ» ብሎ ከመድከሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

6. ሕመምተኛው ሆስፒታል ሳለ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ጥየቃ ቢከለከልም ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ከሕክምና ቡድኑ ጋር በመነጋገር የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

• ሕመምተኛው መነጽር ወይም የመስማት አጋዥ መሣሪያ የሚጠቀም ከሆነ እንዲደርሰው ያድርጉ። የማያይና የማይሰማ ሰው ቀንን ከሌሊት መለየት ይበልጥ ይቸግረዋል።

• ስለ ሕመምተኛው አጭር ማስታወሻ ጽፈው ለነርሶቹ ይስጡ። ምን ተብሎ መጠራት ይወዳል? የሚናገረው ቋንቋ የትኛው ነው? ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ስንት ሰዓትስ ይነሣል? እኚህ እናት በቤታቸው «እማማ» ወይም «እታባ» ተብለው የሚጠሩ ከሆነ በዚያው ስም መጠራታቸው ትልቅ መረጋጋት ይሰጣቸዋል።

• ሆስፒታሉ የሚፈቅድ ከሆነ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት በስልክ ድምፅዎን ያሰሙ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ምሽት አንድ ጊዜ። ሲጀምሩ ሰላምታዎ ጊዜውን ይናገር፦ «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ? ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይ ወጥቷል። ያለሽው ሆስፒታል ነው፤ እየተሻለሽ ነው።» ምሽት ላይ ደግሞ «አሁን መሽቷል፤ ልጆቹም ተኝተዋል፤ አንቺም ዕረፊ፤ ደኅና እደሪ» ይበሉ።

• ሕመምተኛው መልስ ባይሰጥም፣ በመሣሪያ እየተነፈሰም ቢሆን፣ ይናገሩት። መልስ አለመስጠት አለመስማት ላይሆን ይችላል። መደወል ካልተቻለ አጭር መልእክት በድምፅ ቀድተው የጤና ባለሙያው እንዲያሰማው ይጠይቁ።

• ሕመምተኛው የሌለ ነገር አየሁ ቢል አይከራከሩት፤ አይሳቁበት፤ «አዎ አለ» ብለውም አያጽኑለት። «እንዳስፈራህ ገብቶኛል፤ እኔ ግን ያ ነገር አይታየኝም፤ ያለህበት ቦታ ሰላም ነው» ማለት ይበቃል።

• የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ የእጅ ሰዓት መላክ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በሆስፒታሉ የንጽሕና መመሪያ መሠረት መጽዳት አለበት።

• ቤተሰቡ ተራ ይግባ። ሌሊቱን በሙሉ በስልክ አጠገብ ተቀምጦ የሚያድር ሰው የራሱም ሰዓት ይዛባል። አንድ ሰው ከሐኪሞች ጋር እንዲነጋገር ተመርጦ ሌሎቹ ከእርሱ ይስሙ።

7. ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

የተዛባ ሰዓት በአንድ ሌሊት አይመለስም። በየቀኑ በጥቂቱ ይስተካከላል። ለዚህም ቤቱ ራሱ ሰዓት ሊሆንለት ይገባል።

ንጋት። ሌሊት እንቅልፍ ባይወስደውም በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከአልጋ ይነሣ። መስኮት ይከፈት፤ ይህ የጠዋት ብርሃን ከማስገባቱም በላይ የቤቱን አየር በመለወጥ የቫይረሱን መተላለፍ ይቀንሳል። አቅም ሲኖረው ግማሽ ሰዓት ያህል በረንዳ ወይም ደጃፍ ላይ ይቀመጥ። ክረምት ቢሆን፣ ሰማዩ ቢደምንም ብርሃኑ ይጠቅማል። ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ግን ዓይንን ስለሚጎዳ አይገባም።

ቀን። ቁርስ፣ ምሳና እራት በተወሰነ ሰዓት፣ የሚቻል ከሆነ ከቤተሰብ ጋር ይሁን፤ የመለያ ጊዜው ካላለቀ ግን የጤና ባለሙያ በሰጠው መመሪያ መሠረት ርቀትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይጠበቅ። በሐኪም ምክር መሠረት ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ፤ መጀመሪያ በክፍሉ፣ ቀጥሎ በግቢው። የቀን እንቅልፍ ካስፈለገው ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ገና አቅም ያላገኘ ሰው ከዚህ በላይ ቢተኛ አይቆጡት፤ ጊዜውን በጥቂት በጥቂቱ ያሳጥሩ።

ቡና። የቡና ሥርዓታችን ሰውን ከሰው የሚያገናኝ በመሆኑ ለሕመምተኛውም ደስታ ነው። ነገር ግን በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሚጠጣ የጠዋቱን ቡና ይጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ በሚፈላው ሥርዓቱን ይካፈል እንጂ ከአቦል እስከ በረካ አይጠጣ። ጫት እንቅልፍን ስለሚያባርር፣ ጠጅና አረቄም እንቅልፍ የሚያመጡ ቢመስሉም እንቅልፉን ስለሚቆራርጡ ይወገዱ።

ጥየቃ። ከሞት ተርፎ የመጣን ሰው መጠየቅ የቆየ ባህላችን ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ብዙ ሰው በአንድ ቤት መሰብሰብ አደጋ አለው፤ ለሚያገግም ሰውም ድካም ነው። ጎረቤትና ዘመድ በስልክ ይጠይቅ። ስልኩም ቢሆን በቀን ይሁን፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባይሆን መልካም ነው።

ምሽት። እራት ከበላ በኋላ የቤቱ መብራት ይደብዝዝ፤ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ይራቁ። ስለ ወረርሽኙ የሚነገር አስፈሪ ወሬ በዚህ ሰዓት አይነሣ። ሌሊት ከነቃ ትልቁን መብራት ሳያበሩ በለሆሳስ «ገና ሌሊት ነው፤ ቤትህ ነህ» ይበሉት። በሕክምና የታዘዘለትን መድኃኒት ከእንቅልፍ ጋር የሚጋጭ ከመሰለው የሚወስድበት ሰዓት እንዲለወጥለት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቁም።

የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ ወይም ከጎረቤት ወስዶ መስጠት ክልክል ነው። ከእነዚህ ኪኒኖች አንዳንዶቹ የትንፋሽን ኃይል ያዳክማሉ፤ ዴሊሪየምንም ያባብሳሉ።

8. ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ሰዓቱን በማስተካከል ጊዜ ሳያጠፉ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

• የትንፋሽ መቆራረጥ ወይም የደረት ሕመም ሲጀምር ወይም ሲብስ፤
• ከንፈር ወይም ፊት ሲጠቁር ወይም ሲገረጣ፤
• ሕመምተኛው ለመንቃት ሲያስቸግር ወይም ሲጠሩት መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፤
• የነበረው ግራ መጋባት በድንገት ሲጨምር ወይም እየተሻለው ሳለ አዲስ ሲመጣ፤
• ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት ሲሞክር፤
• የእንቅልፍ ችግሩ፣ ቅዠቱ ወይም ጭንቀቱ ከሳምንታት በኋላም ሳይቀንስ ሲቀር።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ወደ ጠቀስናቸው አባት እንመለስ። ልጆቻቸው ነገሩን ከተረዱ በሹክሹክታ መነጋገራቸውን ይተዋሉ። በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱን ከፍተው «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ነግቷል» ይሏቸዋል፤ ደጃፍ ላይ ወንበር ያወጡላቸዋል፤ ምሳውን በሰዓቱ ያቀርባሉ፤ ማታ መብራቱን ዝቅ አድርገው «ደኅና ይደሩ» ይላሉ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንደገና ቢነሡም አይደነግጡም፤ አይቆጡምም። በማግሥቱም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቀኑ ቀን፣ ሌሊቱ ሌሊት እየሆነ ሲሄድ አካላቸው የጠፋበትን መንገድ ማግኘት ይጀምራል።

መሣሪያውና መድኃኒቱ የሕክምና ተቋሙ ድርሻ ነው። ንጋትን ማብሰርና ምሽትን ማሳረፍ ግን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ለአንድ ሕመምተኛ ቀንና ሌሊትን የሚለዩ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? ሆስፒታል ሲገባ የትኞቹን ያጣል?
2. ዝምተኛው ዴሊሪየም ከሚታወከው ይልቅ ሳይታወቅ የሚቀረው ለምንድን ነው?
3. ከቤተሰባችሁ አንዱ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢተኛ ለነርሶች የምትሰጡት ማስታወሻ ላይ ምን ትጽፋላችሁ?
4. ከሆስፒታል የወጣን ሰው ሳይደክምና ሳይጋለጥ እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

ለተጨማሪ መረጃ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውሉ።